የብሪቲሽ ኦፕንን የአሸናፊዎች ታሪክ በቅደም ተከተል ለመያዝ

በአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የዚህን የጎልፍ ውድድር ታሪክ የሚያጠና ሰው፣ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ይመዝግብ፤ ሁለቱን አቆጣጠር መቀላቀል ቅደም ተከተሉን ያዛባል። የመጀመሪያው መስመር 1860 ነው፤ በስኮትላንድ ፕረስትዊክ ስምንት ተጫዋቾች ተወዳድረው ዊሊ ፓርክ አሸነፈ። ቀጥሎ በወጣቱ ቶም ሞሪስ ላይ ረጋ ማለት ያሻል፤ ከ1868 እስከ 1870 በተከታታይ ሦስት ጊዜ በማሸነፉ ሽልማቱ የነበረው ቀይ የቆዳ ቀበቶ ለዘለቄታው የእርሱ ሆነ፣ በ1871 ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ፣ በ1872 ዳግም ሲያሸንፍም ቀበቶውን በተካው የብር ማንቆርቆሪያ ላይ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ ተቀረጸ፤ ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ለዓለም ጦርነቶቹ ዓመታትና ለ2020 ባዶ መስመር ይተው። ከ1896 እስከ 1914 ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ሃሪ ቫርደን ግን በተለየ ቀለም ይጻፍ፤ ክብረ ወሰኑን ያሻሻለ የለም።