ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ ሌሎችም የቤት ሰርቨር ስህተቶች

በቤት ሰርቨር (የቤተሰቡ ፊልምና ፎቶ ተቀምጦ በቤት ኔትዎርክ የሚታይበት ኮምፒውተር) ላይ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስክ አንድ ዓይነት ፋይል የሚይዙበት ዘዴ) አጣምሮ «ባክአፕ አለኝ» ብሎ መተኛት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ሬይድ 1 የተሠራው አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። ልጅ በስልኩ ገብቶ የሠርጉን ፎልደር ቢሰርዝ ግን ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ቫይረስ ፋይሎቹን ሲቆልፍም ሁለቱንም ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኑ ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ባክአፕ የሚባለው በሦስተኛ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ ከሰርቨሩ ተነቅሎ፣ ቢቻል ዘመድ ቤት የተቀመጠው ነው። ቦታ ካጠረ ፊልሙን ተዉት፣ እንደገና ይገኛል፤ ከካሴት የተቀዳውን የአያት ድምፅና የቤተሰቡን ፎቶ አስቀድሙ። ከገለበጣችሁ በኋላ ከቅጂው ላይ አሥር ያህል ፋይል ከፍታችሁ አጫውቱ። ለቴሌቪዥኑና ለልጆች ደግሞ ማየት እንጂ መሰረዝ የማይችል አካውንት ስጧቸው።

የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ደግ ነው፤ ማስረዘሙ ግን ጣጣ አለው። ብዙ የቤት ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ስም ከ255 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር የሚጻፍበት ኮድ) 3 ባይት ስለሚይዝ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ እስከ 255 ፊደል ስለሚፈቅድ፣ እዚያ የተሰየመው ረጅም ስም ሰርቨሩ ላይ አልገለበጥም ይላል። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ምረጡና ሁሉንም በዚያው ጻፉ። ካሜራና ስልክ ቀን የሚመዘግቡት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ የፎልደሩም ቀን በዚያው ይሁን፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል።

ዲስኩ በፋት32 (የቆየ የዲስክ አደራጃጀት) ፎርማት ከተደረገ ባዶ ቦታ እያለም 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም።

ፊልም ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ራውተር ለመቀየር ይሮጣል። መጀመሪያ ኬብሉን እዩ። ከሰርቨሩ ስትገለብጡ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ መስመሩ የሚሠራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ በእጅ በተሠራ ኬብል አራቱ ብቻ ታስረው ወይም አንዱ ሳይነካ ቀርቶ ይገኛል። ጫፉን ቆርጣችሁ ስምንቱንም በትክክል አሳስሩ።

ራውተር ላይ የተሰካ ትንሽ ዲስክ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል፤ መደበኛ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው። የራሱ አዳፕተር ባለው ሃብ (የዩኤስቢ ማባዣ) በኩል ሰኩት።

ከውጭ ሆናችሁ ለማየት ብላችሁ የፋይል ማጋሪያውን ፖርት (የኔትዎርክ መግቢያ በር) 445 ለኢንተርኔት አትክፈቱ። በዋየርጋርድ (ከውጭ ወደ ቤት ኔትዎርክ በተመሰጠረ መስመር የሚያስገባ ቪፒኤን) ግቡ።