ስኳት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከሲሚንቶ ጣሳው እስከ ተረከዝ

ባሕር ዳር ውስጥ ባሉ የሰፈር ጂሞች ስኳት (ክብደት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእጅ በተሠራ ዕቃ ነው፤ የብረት ቱቦ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ። ዕቃው ራሱ ነውር የለበትም፣ እግርን በደንብ ያጠነክራል። ጉዳት የሚያመጣው አጠቃቀሙ ነው።

ክብደቱን ሳያውቁ መጫን

አንድ ሊትር የደረቀ ኮንክሪት ወደ 2.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 4 ሊትር ጣሳ እንግዲህ 9.5 ኪሎ ገደማ ነው። ነገር ግን ጢም ብሎ የተሞላውና ጎደል ያለው፣ ጠጠር የበዛበትና አሸዋ የበዛበት እኩል አይሆኑም። አንዱ ጎን በ1 ወይም በ2 ኪሎ ሲበልጥ ትከሻ ያዘነብላል፣ ወገብም ሚዛን ለመጠበቅ ይጣመማል፤ ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። ጣሳው የሚወልቅ ከሆነ እህል መመዝኛ ላይ ይመዝኑትና ኪሎውን በቀለም ይጻፉበት። ከቱቦው ጋር ከተጣበቀ የሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ ቀጥሎ ብረቱን ይዘው ይቁሙ፤ ልዩነቱ የብረቱ ክብደት ነው። ከዚያ የቱቦውን መሃል በአንድ ብረት ላይ አስደግፈው ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ። የውድድር ባር (ክብደት የሚጫንበት ረጅሙ ብረት) ባዶውን 20 ኪሎ መሆኑንም አይርሱ፤ ብዙ ሰው ከቁጥር አያስገባውም።

ተረከዝ ማንሳት

ሲወርዱ ተረከዝ ከመሬት ከተነሣ ክብደቱ ወደ እግር ጣቶች ይሄዳል፣ ደረት ወደ ፊት ይወድቃል፣ ወገብም ይጎብጣል። አንዱ ምክንያት ወፍራም ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ ነው፤ ጠፍጣፋ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይሻላል። ሌላው የቁርጭምጭሚት መገተር ነው። ለማወቅ የእግርዎን አውራ ጣት ከግድግዳ 10 ሳንቲሜትር አርቀው ይቁሙ፤ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበትዎ ግድግዳውን ከነካ ደህና ነዎት። ካልነካ ባትዎን በየቀኑ እየሳቡ ያፍታቱ፣ ለእያንዳንዱ እግር 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ። እስኪፍታታ ድረስ ከሁለቱም ተረከዝ ሥር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚሆን ጣውላ ያስገቡ።

ጉልበትን ወደ ውስጥ መጣል

እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው ጣቶችዎን ትንሽ ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ጉልበት ሲወርድም ሲነሣም የጣቶቹን አቅጣጫ ይከተል። «ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ» የሚባለውን ግን እንደ ሕግ አንቀበለውም። ጉልበትን በግድ ወደ ኋላ ማስቀረት ጫናውን ወደ ዳሌና ወደ ወገብ ያዛውረዋል፤ ረጅም ጭን ላለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ማጅራት ላይ ማስቀመጥ

ባሩ አንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ ማረፍ የለበትም። ትከሻዎን ወደ ኋላ ሲሰበስቡ የሚያብጠው የላይኛው ጀርባ ሥጋ አለ፤ ቦታው እዚያ ነው። ከመውረድዎ በፊት አየር ወደ ሆድ ስበው ሆድዎን ያጠንክሩ፣ ሲነሡ ከባዱን ቦታ ካለፉ በኋላ ይተንፍሱ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ ማፈን የለበትም፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

መነሣት ቢያቅት አለመዘጋጀት

የባሩ ማቆሚያ የደህንነት ብረት ካለው፣ ባሩ ከሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገው ያስገቡት። ከሌለው ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ይቁም። ብቻዎን ከሆኑ ቱቦውን ከመሬት አንሥተው በራስ ላይ አሳልፈው ትከሻ ላይ ለማድረግ አይሞክሩ፤ አንዱን ጣሳ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

በአንድ ጊዜ ብዙ መጨመር

ዕድገት የሚቆመው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ቀጣዩ ጥንድ ጣሳ በየጎኑ 5 ኪሎ ቢበልጥ በአንዴ 10 ኪሎ ጨመሩ ማለት ነው፤ 40 ኪሎ ለሚሠራ ሰው ሩብ ያህል ነው። ሰውነት ይህን መሸከም ሲያቅተው ቁመናውን ያበላሻል፣ ወይም ሰውየው እስከ ግማሽ ብቻ እየወረደ ያደገ ይመስለዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ40 ኪሎ ከ3 ዙር በ6 ድግግሞሽ ተነሥቶ 3 ዙር በ12 እስኪሞላ መቆየት፣ ከዚያ ወደ 50 ኪሎ አልፎ ድግግሞሹን ወደ 5 መመለስ። ሁለተኛው ትንንሽ ክብደት መሥራት ነው፦ 1.25 ኪሎ አሸዋ በሁለት ድርብ ፌስታል ቋጥረው በየጎኑ በብስክሌት ከመነዳሪ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ እንዲወዛወዝ አይተዉት። ብስክሌት በሞላበት ከተማ አሮጌ ከመነዳሪ አይጠፋም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል። ኪሎና ድግግሞሹን ደብተር ላይ ይጻፉ። አንድ ክብደት በተከታታይ ሁለት ቀን ካቃተዎት 10 በመቶ ቀንሰው ይጀምሩ።

ሳይበሉና ሳያርፉ መሥራት

ጠዋት ቤዛዊት ድረስ ዳገቱን ሮጦ ማታ ከባድ ስኳት መሥራት እግርን ያለ ዕረፍት ያስቀረዋል፤ ቀኖቹን ይለያዩ። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በቀን ለ1 ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ ልክ ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን 104 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 20 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ይሰጣል። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ክብደት ለመጨመር ከመታገል ዙሩን ቀንሶ የነበረውን ኪሎ መያዝ ይበጃል፤ ሥራውም ከመፍቻው ሰዓት በኋላ ይሁን።

ሕመምን አለመለየት

ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ የጭን ጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ሲኖር ግን የዕለቱን ሥራ ያቁሙ። ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ይየው። እግር አልታዘዝ ካለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።