ሐኪም ቤት ሲሄድ የሚደነብር ውሻ፦ ችግርና መፍትሄ

ወሎ ውስጥ አብዛኛው ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ከአጥሩ ውጭ ያለውን የሚያውቀው በድምፅና በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ በዓመት አንዴ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወጣ ቢደነብር አይገርምም። ባለቤቱ "መርፌ ይፈራል" ይላል፤ መርፌው ግን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙው ውሻ ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱ የት እንደጀመረ ካላያችሁ መፍትሄው አይያዝም።

ገመዱን ሲያይ ይደበቃል

ገመዱን ከሚስማሩ ስታወርዱ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጅራቱ ሆዱ ሥር ይገባል፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተወሽቆ አልወጣም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያ ገመድ የሚወጣው ለመከራ ቀን ብቻ ነው።

ከክትባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ምግቡን ከማቅረባችሁ በፊት ገመዱን አንገቱ ላይ አድርጉ፣ ይብላ፣ ፍቱለት። በቃ። ይህን ሲለምድ ከበር ውጭ ትንሽ አራምዳችሁ መልሱት፣ ቀስ በቀስም እስከ አስፋልቱ። ለማባበያ ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ ይበቃል፤ በጾም ወራት የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሙስሊሙ አለ። ግን ቀቅሉት። በጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ እባጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ደግሞ ሰው ላይ ከባድ በሽታ ያመጣል።

መንገድ ላይ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያስመልሰዋል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሰውንም ያስመልሳል። መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚያስመልሰው፣ ሲቆም የሚሻለው ከሆነ የመኪና ሕመም ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት አታብሉት። ሞተር ሳይነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ፍርሃት ነው። የቆመ ባጃጅ ላይ አውጥታችሁ ትንሽ አጉርሱትና አውርዱት፤ ጉዞው ሌላ ቀን ይደርሳል።

ሹፌሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለብዙ ሙስሊም ሹፌር የውሻ ለሃጭ ነጃሳ ነውና መቀመጫው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ። "አብሽር፣ ጫን" የሚል አይጠፋም፤ እምቢ ያለውም አይወቀስ።

ክሊኒኩ ግቢ ሲገባ ይንቀጠቀጣል ወይም ደርቆ ይቀራል

ደርቆ የቀረ ውሻ "ጨዋ ሆነ" ይባላል። አይደለም። እንቅልፍ ሳይመጣው የሚያዛጋ፣ አፍንጫውን ደጋግሞ የሚልስ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን የሚታይ ውሻ ፈርቷል። ክሊኒኮቹ በዋናነት የሚያክሙት ከብትና የጋማ ከብት ስለሆነ በሬው፣ አህያው፣ የመድኃኒቱ ሽታ ሁሉ ባንዴ ይመጣበታል።

የገበያ ቀን አትሂዱ፤ ባቲ ከሆናችሁ ሰኞን እርሱት። ተራችሁ እስኪደርስ ከአጥሩ ውጭ ጠብቁ። ከተቻለ መርፌ የሌለበት ቀን ወስዳችሁ፣ በሩ ላይ አብልታችሁ መልሱት። እንዲህ ያለው ጉብኝት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሲነካ ያጉረመርማል፣ ሊነክስ ይቃጣል

ለማጉረምረሙ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ያስተዋችሁት ውሻ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ማሻሸት ያቀብጠዋል የሚባለውንም እርሱት፤ ፍርሃት በማሻሸት አይጨምርም።

ቤት ውስጥ ጆሮውን፣ መዳፉን፣ ከንፈሩን እየነካችሁ አጉርሱት። የአፍ ማሰሪያንም እንደ ገመዱ ቀድማችሁ አስለምዱት። በጨርቅ ከታሰረ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፣ ቆላ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሐኪሙ ከፊት መጥቶ ከላይ ከሚያጎነብስበት፣ በጎን ቀርቦ መሬት ላይ ቢያየው ይመረጣል። እናንተ በራሱ በኩል ሆናችሁ ስታጎርሱት እሱ ከቆዳ ሥር ይወጋና ያበቃል። አራት ሰው ተጋግዞ መሬት ላይ ሲጫነው የዛሬው ክትባት ያልቃል፣ የሚመጣው ዓመት ግን ይከብዳል።

ሐኪሙን ቤት መጥራትም ሁልጊዜ አያቀልም። ጠባቂ ውሻ የሚብሰው በገዛ ግቢው ስለሆነ አስራችሁ ከበር ውጭ አውጡለት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ከቤት ሳይነሳ የሚሰጥ የፍርሃት መድኃኒት እንዲያዝ ሐኪሙን ጠይቁ። አሴፕሮማዚን የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ብቻውን ሰውነቱን ያዝላል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳም። የሰው ክኒን በግምት አትስጡ፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻ ይጎዳሉ። አረቄም እንደዚያው።

ደህና የነበረ ውሻ ድንገት ተለወጠ

አንድ ቦታ ሲነካ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ሕመም ነው፤ ጆሮና ጥርስ በመጀመሪያ ይታይ። ያለምክንያት የሚናከስ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መንጋጋው የወደቀ ወይም እግሩ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለማለማመድ አትሞክሩ። ሳትነኩት ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም።