ልጆቹን ለማስሮጥ መጀመሪያ እናንተ ከሶፋው ተነሱ

«ውጣና ተጫወት!» ብሎ ልጅን ማባረር አይሠራም። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስልኬን እየጎረጎርኩ «ስልኩን አስቀምጥ» እለዋለሁ፤ ልጄ ቀና ይልና እጄን ያያል። ምንም አይልም። ምን ይበል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍስና ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ ቀለል ያለውም ሩጫውም ተደምሮ 180 ደቂቃ። አትደንግጡ። ባንድ ጊዜ መሞላት የለበትም፤ ጠዋት 10፣ ከትምህርት ቤት መልስ 20 እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እኛ ቤት የተጀመረው በሰኞ ማክሰኞ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፣ ግቢው ደግሞ መኪና በመኪና ሆኗል። አንድ ቅዳሜ ቁራጭ ከሰል ይዤ ወረድኩና በሁለት መኪኖች መሃል ያለችው ባዶ ቦታ ላይ ሣጥን ሣጥኑን ሣልኩ። ልጄን አልጠራሁትም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውሬ በአንድ እግሬ እንጣጥ እንጣጥ ስል ገና ሦስተኛው ላይ መስመር ረገጥኩ። አንዲት የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ተቃጠሉ!» ብላ ጮኸች። ሳቁን ሰምቶ ይሁን እናቱ ስትወድቅ ለማየት፣ የእኔው ጉድ በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለለ ከች አለ። ያን ቀን እራት የበላነው በሁለት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምታውቁትን ጨዋታ ምረጡ። ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ገመድ ዝላይ፣ የካልሲ ኳስ፣ ልጅ ሆናችሁ ያበዳችሁበትን። ከዚያ አሠልጣኝ አትሁኑ። «እግርህን እንዲህ አድርግ» ካላችሁ ነገሩ የቤት ሥራ ሆነ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ተጫወቱ፣ ተቃጠሉም።

በሥራ ቀን ጊዜ የለም የምትሉ፣ እውነታችሁን ነው። እኔ የማደርገው ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመን ወርደን የቀረውን በእግር መጨረስ ነው፣ ደረጃውን ደግሞ በውድድር። እሁድ ሲመቸን እንጦጦ እንወጣለን። እዚያ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚደርስ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ልጅ ቢያለከልክ «ሰነፍ» አትበሉት፣ አረፍ እያላችሁ ሂዱ። ውኃና ቆሎ ያዙ።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቤት ይዘጋብናል። ያኔ እስክስታ ነው። ሁለት ዘፈን ሙሉ ትከሻ ሳያቆሙ መምታት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሞክሩትና ንገሩኝ። ከታች ጎረቤት ካለ ግን ዝላዩን ቀነስ፣ ትከሻውን ጨመር።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ወንዱ ኳስ ይዞ ሲወጣ ሴቷ ሰሃን ታጥባለች። አንድ ላይ አጥበው አንድ ላይ ይውጡ፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ሌላው፣ ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። «ወፍረሃል፣ ተንቀሳቀስ» ማለትም ይቅርባችሁ። ልጁ የሚሰማው «ወፍረሃል» የምትለዋን ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ድብብቆሽ! ሻማውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የሚሰበረውንና ትኩሱን ነገር አንሱ፣ የወጥ ቤቱን በር ዝጉ። ባለፈው ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ እኔ ከአልጋው ሥር «አልነጋም!» እላለሁ፣ አባቱ ድምፁ የለም። ድንገት መብራቱ ብልጭ አለ። ሰውዬው መጋረጃ ጀርባ ተደብቋል፣ ከታች ሁለት እግሩ ከነካልሲው ወጥቶ።