ራሱን የሚጫወት ክራር እንዴት ይሠራል? ከፒያኖው ብልሃት ወደ ወሎ ቅኝት

ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ራሱን እንዲጫወት ሲፈለግ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ጣትን የሚተካ ነገር ስለሚያስፈልግ ሆዱ በመቶዎች በሚቆጠር ጥቃቅን ዕቃ ይሞላል። አምባሰል የተባለውን የወሎ ቅኝት በክራር ለመጫወት ግን አምስት ድምፅ ይበቃል። ደሴ ውስጥ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ ልዩነት በደንብ የገባኝ ቀን ነው «እኛማ ይህን ማሽን በስድስት ጣት እንሠራዋለን» ብዬ የተነሣሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሠርቼ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ሠርቼ ያየሁትን ነው። መጋዝና ትራፓኖ ያለው፣ ቶርኖ ቤት ደጅ መጥናት የማይሰለቸው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

በመጀመሪያ ግን ፒያኖው እንዴት እንደሚያደርገው ማወቅ ይጠቅማል። በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤድዊን ቮቲ የተባለ አሜሪካዊ ዲትሮይት ውስጥ ፒያኖላን ሠራ። ፒያኖው ፊት ተገፍቶ የሚቆም፣ በራሱ ጣቶች ቁልፉን የሚጫን ቁም ሣጥን ነበር። ኋላ ላይ ዕቃው በሙሉ ፒያኖው ውስጥ ገባ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል በአንድ የብረት ዘንግ ላይ እያለፈ ይጠቀለላል። ዘንጉ ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቀዳዳ አለ። ተጫዋቹ በእግሩ የሚረግጠው ወናፍ ደግሞ ከውስጥ አየሩን ይመጥጣል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የውጭ አየር ሾልኮ ይገባና ስስ የቆዳ ከረጢት ያነሣል። ከረጢቱ ቫልቭ ይከፍታል። በዚያን ጊዜ ለዚያ ድምፅ የተመደበችው ትንሽ ወናፍ አየሯ ተመጥጦ ጭምድድ ስትል መዶሻውን ታስፈነጥራለች። በ1908 ደግሞ አምራቾች ቡፋሎ ከተማ ላይ ተሰብስበው የወረቀቱ ስፋት 11 ኢንች ከሩብ፣ የቀዳዳው አቀማመጥ በአንድ ኢንች 9 እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ፋብሪካ ጥቅል በሌላው ፒያኖ ላይ መሥራት ቻለ።

ይህ ሁሉ ወናፍና ቫልቭ ለምን አስፈለገ? የፒያኖ ድምፅ መጠን የሚወሰነው መዶሻው ክሩን በሚመታበት ፍጥነት ነው። ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ብትጫኑት መዶሻው ክሩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ድምፅም የለም። የክራር ነገር ሌላ ነው። ክሩ የሚጮኸው በጣት ተስቦ በተለቀቀበት ርቀት ልክ ነው። ቀስ ብላችሁ 3 ሚሊ ሜትር ስባችሁ ብትለቁት፣ ፈጥናችሁ ያን ያህሉን ስባችሁ ብትለቁት ድምፁ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለክራር ወናፍም ቫልቭም አያስፈልግም። ሚስማር የተተከለበት፣ ቀስ ብሎ እየዞረ በሚስማሮቹ የእንጨት ጣቶችን የሚገፋ በርሜል ይበቃዋል፤ ክሩን የሚስቡት ጣቶቹ ናቸው። የሥራው ሁሉ መሠረት ይህች ነጥብ ናት፤ ኋላ ላይ አንድ ነገር አልሠራ ሲላችሁ ወደዚህች ተመለሱ።

ዜማውን ወረቀት ላይ ማስፈር

ሥራው በእንጨት ሳይሆን በወረቀት ይጀምራል። ክራራችሁ ስድስት ክር ያለው ከሆነ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያው እጥፍ፣ ማለትም የላይኛው ዶ ነው። ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። ከዚያ ስድስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ አስምሩ፤ ርዝመቱን 96 ቦታ ክፈሉት። 96ን የመረጥኩት ለቺክቺካው ስለሚመች ነው፦ በአንድ ባር 6 ምት፣ በጠቅላላው 16 ባር። ክሩ በሚመታበት ቦታ ላይ ነጥብ ታደርጋላችሁ፤ ሌላ የኖታ ዕውቀት አያስፈልጋችሁም። ክራር የሚጫወት ሰው ጎናችሁ ተቀምጦ ቀስ እያለ ቢጫወትላችሁና በቁጥር ብትጽፉት ከሁሉ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ። ያው ክር በተከታታይ ሁለት ቦታ ላይ እንዲመታ አታድርጉ። ጣቷ ተመልሳ ለመቀመጥ ጊዜ ያስፈልጋታል። በመሃል ቢያንስ አንድ ባዶ ቦታ ይኑር፤ ዜማው የግድ ካለ በርሜሉን አተልቁት።

በርሜሉ

የመጀመሪያውን በርሜል የሠራሁት ካልደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። አምሮ ወጣ። በጋ ሲገባ ግን ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ ሦስት ሳምንት የተከልኳቸው ሚስማሮችም ከመስመራቸው ወጡ። ከአንድ ግንድ አትሥሩ። የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ቆራርጣችሁ፣ የአንዱ ጣውላ አቅጣጫ ከሌላው እንዲሰባጠር አድርጋችሁ በኮላ ደራርቡና አጣብቁ። በመሃሉ 12 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ አስገቡና ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ዘንጉ ላይ እንዳለ ይላጥ። ዘንጉ በኋላ ከገባ በርሜሉ ይዋልላል፤ የተዋለለ በርሜል ደግሞ በአንድ ጎኑ ክሩን ጠልቆ ይመታል፣ በሌላ ጎኑ ይስታል።

ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያው 628 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለ96 ሲካፈል እያንዳንዱ ቦታ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። አንዱን ዙር በ20 ሰከንድ ካዞራችሁት በሰከንድ 31 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ አንዷ ምት 0.2 ሰከንድ አካባቢ ትሆናለች። ለቺክቺካ ይህ ለዘብ ያለ ፍጥነት ነው። ለትዝታ እጃችሁን ታዘገያላችሁ። ከላይ እንዳልኩት ማዘግየት ድምፁን አያሳንሰውም።

በርሜሉ ላይ የሚሆኑት ስድስት መስመሮች ርቀት ከክራሩ ይለካል። የክራር ክሮች ከበርኩማው ተነሥተው ወደ ቀንበሩ እየተራራቁ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ጣቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ አስቀድማችሁ በኖራ አስምሩና እዚያው ላይ ብቻ ለኩ። በክር መካከል ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር የሚገኝበትን ቦታ ምረጡ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጣቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ሠንጠረዡን በልኩ ወረቀት ላይ ገልብጡና በርሜሉ ላይ ለጥፉት። እያንዳንዷን ነጥብ በመርፌ ጫፍ ውጉ፣ ከዚያ ከሚስማሩ በጥቂት በሚቀጥን መብሻ ብሱ። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሚስማር ትከሉና ራሱን በፒንሳ ቁረጡ። ቁመታቸው እኩል ካልሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ ላሜራ ብረት መሃሉን እበሳለሁ፤ ብረቱን ሚስማሩ ላይ አጠልቀዋለሁ፤ በቀዳዳው ብቅ ያለውን ትርፍ ከብረቱ ገጽ እኩል እስኪሆን በሞረድ እሞርደዋለሁ። አንዱን ሚስማር ከሌላው ጋር ማስተያየት አያስፈልግም፤ ብረቱ ራሱ ይለካል። ጫፋቸውን በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ የሻከረ ሚስማር የጣቷን ጭራ ይበላል።

ጣቶቹ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብዙ ቀን የፈጀሁት እዚህ ነው።

እያንዳንዷ ጣት 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን እንጨት ናት። ሁሉም ጣቶች በአንድ የብረት ሽቦ ዘንግ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛሉ። ከዘንጉ ወዲህ 4 ሴንቲ ሜትር ጭራዋ ነው፤ በርሜሉ ላይ ያርፋል። ከዘንጉ ወዲያ 6 ሴንቲ ሜትር ጫፏ ነው፤ ከክሩ በላይ ይቆማል። ሚስማሩ ጭራዋን 5 ሚሊ ሜትር ሲገፋት ጫፏ 7.5 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ክሩን ስቦ ለመልቀቅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቀጭን ሞላ ወይም ጠንከር ያለ ላስቲክ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል።

ችግሩ መመለሷ ነው። ጫፏ ላይ የጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ዝም ብላችሁ ብትቸነክሩ ስትሄድ ክሩን ትመታለች፣ ስትመለስም ትመታዋለች። ዜማው ሁሉ እጥፍ እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱ ማጠፊያ ነው። ፕላስቲኩን በቀጥታ ከእንጨቱ ጋር አታያይዙት፤ በመሃል አውራ ጣት የምታህል ለስላሳ ቆዳ አጣብቁ፣ ልክ እንደ በር ማጠፊያ። ከፕላስቲኩ ጀርባ ደግሞ እንጨቱ ራሱ ደጋፊ ሆኖ ይቁም። ጣቷ ስትሄድ ፕላስቲኩ ደጋፊው ላይ ተደግፎ ይገትራል፤ ክሩን ይስባል፣ ይለቃል። ስትመለስ ግን ቆዳው ይታጠፍና ፕላስቲኩ ክሩን ዳሰስ ብቻ አድርጎ ያልፋል። በአውሮፓ የቆየው ሃርፕሲኮርድ የተባለው ባለ ክር መሣሪያም ክሩን ስቦ የሚለቀው በዚሁ ዓይነት ተመላሽ ምላስ ነው። ቆዳው የደረቀ ከሆነ አይታጠፍም፤ የአሮጌ ጓንት ቆዳ ከሁሉ ተስማምቶኛል።

የፕላስቲኩ ጫፍ ክሩን በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይለፍ። ከዚያ ከበለጠ ክሩን ይዞ ይቀራል፤ ካነሰ ክሩን ይስታል።

ጣቶቹ ሁሉ ገብተው የመጀመሪያውን ዜማ ባዞርኩ ዕለት ክራር ሲጫወቱ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ጠርቼ አሰማኋቸው። ዝም ብለው ሁለት ዙር ሰሙ። ከዚያ «ልጄ፣ ሦስተኛዋ ክር ትዘገያለች» አሉኝ። «የትኛዋ፣ ጋሼ?» ብል በጣታቸው ነኳት። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። በርሜሉን በእጄ እያንፏቀቅኩ እያንዳንዷ ክር «ጧ» ስትል በርሜሉ ጠርዝ ላይ በኖራ ምልክት አደረግኩ። ሽማግሌው እንዳሉት ሦስተኛዋ ከሌሎቹ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቀርታ ተገኘች። 3 ሚሊ ሜትር በዚያ ፍጥነት ወደ 0.1 ሰከንድ ነው፤ የአንዷን ምት ግማሽ ያህላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክሯ ከሌሎቹ ወፈር ስለምትል ፕላስቲኩ እስኪለቃት ድረስ ረዘም ላለ መንገድ ትጎተታለች። ሚስማሩ የተተከለው ትክክል ነው፤ ድምፁ የሚወለደው ግን ሚስማሩ ጭራዋን ሲነካ ሳይሆን ክሩ ሲለቀቅ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዷ ጣት ጭራ ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን አስገቡ። ብሎኗን ወደ በርሜሉ ስታወጧት ጣቷ ቀድማ ትነሣለች፤ ስታስገቧት ትዘገያለች። የኖራ ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ እስኪገጥሙ ድረስ በካቻቪቴ እያዞራችሁ አስተካክሉ። ይህን ሳታደርጉ ሚስማር እየነቀላችሁ አትትከሉ፤ እኔ አራት ነቅዬ እንጨቱን ሳበላሽ ነው ያወቅኩት።

አቀማመጡና ማዞሪያው

ክራሩን ጠንካራ የእንጨት ክፈፍ ላይ በጀርባው አስተኙት። ገበቴው ከክፈፉ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ፤ አለዚያ የሚስማሩ ኳኳታ በክራሩ በኩል ጎልቶ ይሰማል። የበርሜሉ ዘንግ ጫፎች በኩሽኔታ ላይ ይቀመጡ፤ የድሮ ብስክሌት ኩሽኔታ ይበቃል።

በርሜሉን በቀጥታ በእጅ አታዙሩት። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ብቻ የሚዞርን ነገር እጅ እኩል አድርጎ ሊያዞረው አይችልም። በርሜሉ ዘንግ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ክብ፣ መዘውሩ ዘንግ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ክብ አድርጋችሁ በቺንጋ አገናኟቸው። ስምንት ጊዜ ስታዞሩ በርሜሉ አንዴ ይዞራል። 16 ባር ስለሆነ አንዱ የእጅ ዙር ልክ ሁለት ባር ይሆናል፤ እጃችሁ ራሱ ምቱን ይቆጥራል። ማዞሩን ለማለስለስ ከባድ ብረት ማድረግ ከፈለጋችሁ ቶሎ በሚዞረው በመዘውሩ ዘንግ ላይ አድርጉት። በርሜሉ ላይ ቢሆን ሸክም ብቻ ነው።

አየሩ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የክራሩ ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይረግባል፤ ክሩ አብሮት ዝቅ ይላል። ቆላ ብሎ ኮምቦልቻ የወሰድኩት ክራር ደግሞ ቆዳው ተወጥሮ ተቃራኒውን አደረገ። ለሰው ተጫዋች ይህ ችግር አይደለም፤ ክሩን አንስቶ ይቃኛል፣ ጣቱም ራሱ ይላመዳል። ማሽኑ ግን አይላመድም። በርኩማው በግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ፕላስቲኩ ክሩን ይስታል። ስለዚህ ጣቶቹ የተሰኩበት ዘንግ በሁለት ብሎን ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ ሥሩት። በየጊዜው ከመጫወታችሁ በፊት መጀመሪያ ቃኙ፣ ቀጥሎ ከፍታውን አስተካክሉ፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ያንኑ በርሜል በሌላ ቅኝት

ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ከቃኛችሁና ዜማው ከተስተካከለ፣ አንድም ሚስማር ሳትነኩ ክሩን ብቻ ቀይሩ። ለባቲ ሁለተኛዋን ወደ ሚ፣ ሦስተኛዋን ወደ ፋ፣ አምስተኛዋን ወደ ሲ ከፍ አድርጉ፤ ሶል ባለችበት ትቆያለች። ለአምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚነካው፦ ሶል በግማሽ ድምፅ ወርዳ ሶል ፍላት፣ ላ ፍላት በግማሽ ወጥታ ላ ትሆናለች። ስድስተኛዋ ሁልጊዜ ከመጀመሪያዋ ጋር ትስማማ።

ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስም ናቸው። ልጆቼ ከባቲ ሰኞ ገበያ የተመለሰ ሰው ሲያዩ ቅኝቱንና ከተማውን በስም ብቻ ነበር የሚያያይዙት። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያንኑ በርሜል በአራቱም ቅኝት ካዞርኩላቸው ወዲህ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ይለያሉ። ትንሿ በአንቺ ሆዬ ላይ ብቻ ትሳሳታለች፤ እሱን አምባሰል ትለዋለች። አራተኛዋን ክር ብቻዋን ደጋግሜ እየነካሁ አሰማታለሁ።