በሸዋ ሮቢት ቆላ የመስኖ ማህበራት የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው ወንዙን ሳይለኩ ማሳ መመዝገብ ነው። ኅዳር ላይ የሮቢም የጀውሃም ወንዞች ደህና ውሃ ይዘው ሲታዩ ኮሚቴው ለጠየቀ ሁሉ ተራ ይሰጣል። ጥርና የካቲት ላይ፣ ሽንኩርቱ ኮረት ሲይዝ፣ ውሃው ይወርዳል፤ በልግ ከዘገየ ደግሞ ጭንቁ ይጸናል። ያኔ ሁሉም የውሃ አባቱን (የውሃ ተራ የሚያከፋፍለውን) ከቦ ይጮኽበታል፤ እሱ ምን ያድርግ?

እባካችሁ፣ ችግኝ ሳይነሳ ለኩ። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦይ ምረጡ፤ እንጨት ጣሉና ሰዓት ያዙ። ቦዩ 50 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ እንጨቱም በ40 ሴኮንድ ካለፈ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት፤ ያንን በቦዩ ስፋትና በውሃው ጥልቀት ስታባዙት በሴኮንድ 20 ሊትር ይወጣል። በዚህ ሙቀት አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሽንኩርት በየ5 ቀኑ፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ተደምሮ፣ ወደ 110 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። 20 ሊትር ይህን የሚያደርሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቀንና ሌሊት ከተጠጣ 75 ጥማድ ገደማ ይችላል፤ ቀን ብቻ ከሆነ ግማሹን። መዝገቡ መዘጋት ያለበት በኅዳሩ ውሃ ሳይሆን ባለፉት ዓመታት የካቲት ላይ በተለካው ዝቅተኛ ልክ ነው። ስለዚህ ልኬቱን በየወሩ ጻፉት።

ውሃው በግማሽ ሲቀንስ የሰዓት ተራውን እንዳለ መተው ሌላው ጥፋት ነው። አንድ ሰዓት ተኩሉ ያው ነው፣ የሚደርሰው ግን ግማሽ ነው። የሽንኩርት ሥር ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ብዙም ስለማያልፍ ተራውን ማራቅም አያዋጣም። እያንዳንዱ ገበሬ የማሳውን ግማሽ ብቻ በደንብ እንዲያጠጣ፣ ሌላው ላይ ውሃ የማይፈጅ ማሾ እንዲዘራ የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። ድርቁ ከገባ በኋላ ማንም አይስማማም።

ያነሰውን ውሃ ለሦስት ንዑስ ቦይ በአንዴ መክፈትም አለ፤ የአፈር ቦይ ይጠጣዋል፣ ግርጌ ያለው ገበሬ እርጥበቱን ብቻ ያያል። አንዱን ቦይ ዝጉ፣ ሌላውን ክፈቱ፤ ከግርጌም ጀምሩ።

ከጠለፋው (ወንዙ ወደ ቦዩ ከሚመለስበት) በላይ በሞተር የሚስቡትን ከተራው ውጭ አትተዉ፤ ባለ 3 ኢንች ሞተር በሴኮንድ 10 ሊትር ሊስብ ይችላል፣ ይኸውም የቦያችሁ ግማሽ ነው።

ደለል ጠረጋው እስከ መስከረም መጨረሻ ይለቅ፤ የበልግ ጎርፍ ካለፈም ይደገም።