የትምህርት ቤት አሮጌ የበዓልና የከተማ ታሪክ ወረቀቶችን እንዴት መሰነድ ይቻላል?

የትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ብዙ ነገር ይደብቃል። ተማሪዎች ስለ ከተማቸው የጻፉት ድርሰት፣ በእጅ የተሳለ የሰፈር ካርታ፣ የብሔራዊ በዓል ፕሮግራም፣ የሰልፍ ፎቶ። ጽዳት ሲመጣ ቀድሞ የሚጣለውም ይኸው ነው። ያሳዝናል፤ ከተማዋ በልጆቿ ዓይን ምን ትመስል እንደነበር ሌላ ቦታ ተጽፎ አይገኝም።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ክምሩን ባለበት ፎቶ አንሱት። አቀማመጡ ራሱ መረጃ ነው። የአንድ በዓል መጥሪያ፣ ንግግርና ፎቶ በአንድ ፖስታ ከተገኙ አብረው ይቆዩ። ፎቶን ከፎቶ፣ ድርሰትን ከድርሰት ልመድብ ብላችሁ አትበትኗቸው። ከተበተኑ በኋላ የትኛው ፎቶ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማወቅ ከባድ ነው።

ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ ወረቀት ስለሚበላ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። ላሚኔት ማድረግም (በፕላስቲክ ማሸግም) አይሆንም፤ መመለሻ የለውም። የሻገተውን ለብቻው ለዩት።

ዋናው ሥራ ግን መግለጫ መጻፍ ነው። አንድ ፎቶ ያዙ እንበል፤ ልጆች ባንዲራ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ከኋላቸው ባለ ፎቅ ሕንፃ ይታያል። «የበዓል ሰልፍ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የትኛው በዓል? በስንት ዓመተ ምሕረት? አደባባዩ የት ነው? ሕንፃው ዛሬም አለ ወይስ ፈርሷል? በጨርቁ ላይ የተጻፈው መፈክር ምን ይላል? መልሱ ያለው ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የቀድሞ ተማሪዎች ዘንድ ነው። በሕይወት እያሉ ፎቶውን አሳዩአቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ዓመት ቢናገሩ ሁለቱንም መዝግቡ። ግምት ከሆነም «በግምት» በሉ።

ፕሮግራም የታሰበውን ይነግራል እንጂ የሆነውን አይነግርም። ሰልፉ በዝናብ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምታገኙት ከተማሪ ድርሰት ነው። እኔ በንጹሕ ተጽፎ ካማረው ንግግር ይልቅ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ረቂቅ አስበልጣለሁ። ስለ ከተማዋ ምን ሊባል ታስቦ ምን እንደቀረ የሚያሳየው እሱ ነው። ስለዚህ ረቂቅ አትጣሉ።

ለእያንዳንዱ ወረቀትና ፎቶ ቁጥር ስጡና ያንኑ ቁጥር መግለጫዎቹን በያዘው ዝርዝር ላይ አስፍሩ። ፎቶ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ሊያልፍ ይችላል።

ስካን ስታደርጉ ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፉ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። ከስካኑ 3 ቅጂ ይኑራችሁ፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከትምህርት ቤቱ ውጭ።

ዋናው ወረቀትና ፎቶ አሲድ በሌለው ሣጥን፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይና የውኃ ቧንቧ በማይደርስበት ደረቅ ክፍል ይቀመጥ። የጋዜጣ ቁራጭ አሲዱ ወደ ጎረቤቱ ስለሚጋባ ለብቻው ይሁን።

ለበዓል ኤግዚቢሽን ቅጂውን ስቀሉ፤ ዋናው ከሣጥኑ አይውጣ። የተማሪ ውጤት ወይም አድራሻ ያለበት ወረቀት ከሆነ ከመስቀላችሁ በፊት እሱን ሸፍኑ።